የመንክር በርጩማ

አገሪቱ የት ናት ብላችሁ አትጠይቁኝ። በካርታ ብትፈልጓት አታገኟትም፤ በእግራችሁ ብትፈልጓት ደግሞ ሳታውቋት አቋርጣችኋት ልትሄዱ ትችላላችሁ። እኔ ግን ጥርሴን የነቀልኩባት አገር ናት። ያየሁትን እነግራችኋለሁ፤ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

በዚያች አገር አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ከከተማው መካከል ባለው ትልቅ አዳራሽ ተተክሎ አገሩን ሁሉ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የመስኖውን ውሃ ለየመንደሩ የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ፣ ልጅ ሲወለድ ስም የሚያጸድቀው እሱ፣ ሁለት ሰዎችን ባልና ሚስት የሚያሰኘው እሱ፣ ዳቦ ጋጋሪውን ዛሬ ይህን ያህል ጋግር የሚለውም እሱ። ቁመቱ ከጎተራ ይበልጣል። ከሆዱ ሽማግሌ ሲያንኮራፋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይወጣ ነበር፤ ከመልመዳችን የተነሳ በበዓል ቀን ቤታችን ስንውል ዝምታው ይከብደን ነበር።

ዙሪያውን ስክሪኖች ተደርድረዋል፤ በየስክሪኑ ፊት አንዳንድ በርጩማ አለ፤ በየበርጩማው ላይ ደግሞ እኛ ጸሐፊዎቹ። እኔ የጋብቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ክረምት ሲገባ የኮምፒውተሩ ጀርባ እንደ ምድጃ ስለሚሞቅ እርጥብ ካልሲያችንን እዚያ ላይ እናሰጣ ነበር። ይህን ስነግራቸው የዛሬ ልጆች ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ ዛሬም እሳት ዳር የሚደርቅ ካልሲ ሲሸተኝ ወጣትነቴ ፊቴ ድቅን ይላል።

የአዳራሹ ደንብ ብዙ ነበር። በግራ እግር መግባት ክልክል ነው። ስክሪን ፊት ማዛጋት ክልክል ነው፤ ኮምፒውተሩም ተጋብቶበት ያዛጋል ተብሎ ይፈራ ነበር። ከሁሉ የሚከበረው ደንብ ግን ሌላ ነው። ከበርጩማው የሚነሳ ሰው፣ ለምንም ይሁን ለምን፣ «መጣሁ» ብሎ ይነሳል። መጣሁ ብሎ የተነሳን ሰው ሥራ ማንም አይዘጋበትም። ገጹ እንደተከፈተ፣ በርጩማው እንደተተወለት ይቆየዋል። ራሱ የከፈተውን ራሱ ተመልሶ ይዘጋዋል። የእህል ጸሐፊው አንድ ጊዜ እናቱ ታመውበት መጣሁ ብሎ እንደወጣ አዝመራ እስኪሰበሰብ ገጠር ቆየ። ሲመለስ ጀምሮ የተወው ቃል በግማሹ ቆሞ ሲጠብቀው አገኘው። ተቀመጠና ከቆመበት ቀጠለ። ማንም ምንም አላለውም፤ እኔም እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ በመሥራቴ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሹሞቻችንንም ላስተዋውቃችሁ። የአገሩ ጌታ ከአዳራሹ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። ፊቱን ያየ የለም፤ የምናውቀው ጣሪያው ላይ የሚሰማውን የጫማውን ድምፅ ነው። ሲራመድ ፈቅዷል፣ ቀጥ ሲል ተቆጥቷል። ይህን የሚነግረን የኮቴ አስተርጓሚ የሚባል ሹም ነበር፤ ወደ ላይ ከማየት ብዛት አንገቱ ተጣሞ ቀርቷል። አዛዥ ጓንጉል ደግሞ የማጥፋትና የማብራት አዛዥ ነው። በአዳራሹ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ አንድ ብቻ ሲሆን አዛዡ ግን ምክትልም፣ የምክትል ረዳትም፣ ጃንጥላ ያዥም ነበረው። አቶ ወንድይራድ የትዕግሥት ሹም ነበሩ። ሥራቸው በር ላይ ቆመው ለባለጉዳይ ሁሉ «ትንሽ ይጠብቁ» ማለት ነው። ድምፃቸው ለስላሳ ከመሆኑ የተነሳ ሰው ሲጉላላ ውሎ እንኳ አመስግኗቸው ይሄድ ነበር።

መንክርና ትርንጎ ወንድምና እህት ናቸው፤ ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት። እሷ የልደት ጸሐፊ፣ እሱ የውሃ ተራ ጸሐፊ። የመንክር በርጩማ አንድ እግሯ አጭር ነበር። ሌላ እንስጥህ ሲሉት እምቢ ብሎ፣ ይህችን ተለማምደናል እያለ ቀኑን ሙሉ ሲወዛወዝባት ይውላል። ስንጥቅ ካርቶን ከእግሯ ሥር ብናደርግለት በማግስቱ አውጥቶ ይጥለዋል። ሲሠራ ያፏጫል፤ ትርንጎም በክርኗ ትጎሽመዋለች። በየቀኑ ይህ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ውሃው ሲያንስ ተራው ረዘመ። መንክር ተራውን ሲደለድል የጌታውን የአትክልት ቦታ እንደ ማንም ሰው ማሳ ወረፋ አስያዘው፤ ከአንዲት ባልቴት ጓሮ ቀጥሎ። ጣሪያው ላይ ኮቴው ቀጥ አለ። ለብዙ ጊዜም አልተሰማም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ትሑት ሰዎች በር ላይ መጥተው፣ ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ አሉት። መንክር ተነሳ። ወደ እህቱ ዞሮ «መጣሁ» አላት። ትርንጎ የአንድ ሕፃን ስም እየጻፈች ነበርና ቀና ሳትል እሺ አለችው።

አልተመለሰም። በማግስቱም አልተመለሰም። ሲሰነብት ትርንጎ እየዞረች መጠየቅ ጀመረች። የሄደችበት ሹም ሁሉ የሚመልስላት አንድ ነገር ነው፤ መጣሁ ብሎ አይደል የሄደው፣ ታዲያ ምን አስቸኮለሽ ይሏታል። የምናከብረውን ደንብ እንደዚያ አድርገው ፊቷ ላይ ዘጉባት። ዓመት ዓመትን እየተካ ሄደ፤ የትርንጎ ፀጉር ሸበተ። እሷ ግን ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የወንድሟን ስክሪን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ራሷ ሥራ ትዞራለች። ስሙን በአዳራሹ ውስጥ የሚያነሳ ጠፋ። ባለፍን ባገደምን ቁጥር ግን በርጩማዋን እንዳንነካት ጥግ እንይዝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ ያረጀው። ጠዋት የተጠየቀ ውሃ ማታ ይለቀቃል። በእኔ በኩል ጥንዶች ጋብቻቸው እስኪጸድቅ ልጅ ወልደው፣ ልጁ እየዳኸ እግሬ ሥር ይመጣ ጀመር። ይህን ጊዜ ከሩቅ አገር ማሻሻያ የሚሉት ነገር መጣ። የኮምፒውተሩን አሮጌ ሥርዓት አውጥቶ በምትኩ አዲስ ያስገባል ተባለ። አዋጅ ነጋሪው አደባባይ ወጥቶ የአዲሱን ሥርዓት ትሩፋት ሲዘረዝር ዋለ፤ ውሃው ይፈጥናል፣ ዳቦው አያርም፣ ጋብቻ በቆሙበት ይጸድቃል፣ ከቦታው ርቆ የሚቆይ ሰው ቢኖር ሥራው በራሱ ጊዜ ይዘጋል፣ ስክሪኑ ላይ አበባ ይታያል። እኛ ጆሯችን የቀረው ውሃው ይፈጥናል ከሚለው ላይ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ።

ማሻሻያው በሚገባበት ቀን አዳራሹ በቄጠማ ተጎዘጎዘ። የሁላችንም ዓይን ትልቁ ስክሪን ላይ ነው። አንድ ሰማያዊ መስመር ከግራ ተነስቶ እየሞላ፣ እየሞላ ሄደና ጫፉ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ቆየን። አቶ ወንድይራድ በለስላሳ ድምፃቸው ትንሽ እንድንጠብቅ ነገሩን። ጥቂት ቆይቶ መስመሩ እንደመጣ ወደ ኋላው ተመለሰና «አልተቻለም፤ ሁሉም ወደነበረበት እየተመለሰ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ለበዓሉ የተጠሩት ሙዚቀኞች ምን እንደሚጫወቱ ግራ ገብቷቸው መሣሪያቸውን አስቀመጡ።

አዛዥ ጓንጉል ይህ ቀን እንዲመጣለት ሲጸልይ የኖረ ሰው ነው። ደረቱን ነፍቶ መጣና ኮምፒውተሩን አጠፋው፤ አበራው። መስመሩ ሞላ፣ ሞላ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። እንደገና አጠፋ፤ እንደገና አበራ። ለውጥ የለም። አዛዡ ሲመክር ውሎ፣ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከአገሩ ነው፣ ስለዚህ ጠፍቶ መብራት ያለበት አገሩ ነው ብሎ ቆረጠ። ነጋሪት ሲመታ ሰው ሁሉ ባለበት ተኝቶ ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ዳግመኛ ሲመታ ተነስቶ ሥራውን እንዲቀጥል ታዘዘ። ተኛን። ገበያተኛው ከነሸክሙ ተኛ። ፀጉር አስተካካዩ የሰውዬውን ራስ ግማሹን ላጭቶ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ተኙ። እኔ ፊት ቆመው የነበሩት ሙሽሮች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ተኙ፤ ሚዜዎቹም እንዲሁ። ከሕዝቡ ብዙው ደክሞት ኖሮ ሁለተኛውን ነጋሪት አልሰማውም፤ ቤተ ዘመድ እየዞረ መቀስቀስ ነበረበት። ስንነሳ መስመሩ ሞላ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

ቀጥሎ ስክሪኑ በቂ ቦታ የለም አለ። አዛዡ ኮምፒውተሩ ዘና ብሎ እንዲቀመጥ የአዳራሹን አንድ ግድግዳ አስፈረሰ። በፈረሰው በኩል ዝናብ ሲገባ በሸራ አስጋረደው። ኋላ የጠበበው ከውስጥ እንደሆነ ሲነገረው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ከውስጥ ማስጠፋት ጀመረ። አያቶቻችን ሲያጭዱ የዘፈኑት በኮምፒውተሩ ሆድ ይቀመጥ ነበር፤ ያን አጠፉት። የጋብቻ ፎቶዎቹንም አጠፉ። እነዚያን ፎቶዎች ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አንዲት ሙሽራ ነበረች፣ ሳቋ መጥቶባት ዓይኖቿን ጨፍና፣ ባሏ ደግሞ ምን ሆነች ብሎ ወደ እሷ ዞሮ የተነሱት። ቢያንስ እሷን ተዉልኝ ብዬ ለመንኩ። የምክትሉ ረዳት ስንት ቦታ እንደያዘች አይቶ ብዙ ነው አለኝና አጠፋት። ዓይኔን ስጨፍን አሁንም አያታለሁ፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም እላለሁ ለራሴ።

ቦታው ሲለቀቅ መስመሩ እንደገና ሞላ፤ እንደገና ጫፉ ላይ ቆመ። የዚያን ቀን ግን ኮምፒውተሩ ከወትሮው የተለየ ነገር ጻፈ። «ሥራውን ያልዘጋ ሰው ስላለ መቀጠል አልችልም» አለ፤ ከሥሩም ስም አወጣ። መንክር።

ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ባዶዋ በርጩማ ዞርን፤ ከዚያ ወደ ትርንጎ። ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስሙን ታየዋለች። ያን ያህል ዓመት ስሙን ከእሷ በቀር የጠራው ያ ማሽን ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ኮቴው ቀጥ አለ።

አዛዥ ጓንጉል፣ ይህማ ቀላል ነው፣ እኔ ራሴ መንክር ሆኜ እዘጋዋለሁ ብሎ በርጩማዋ ላይ ዘፍ ቢል፣ አጭሩን እግር አያውቀውምና ጃንጥላ ያዡ ላይ ተገለበጠ። አልሳቅንም ብል እዋሻለሁ። ተነስቶ በጥንቃቄ ሲቀመጥ ስክሪኑ ጥያቄ አመጣለት፤ «በልጅነትህ ቤት ውስጥ ማን ብለው ይጠሩህ ነበር?» አዛዡ ማሙሽ ብሎ ጻፈ፤ ኩቹ ብሎ ጻፈ፤ በመጨረሻ የራሱን የቤት ስም ጻፈ። ኮምፒውተሩ ሁሉንም እምቢ አለ። ያን ስም የሚያውቅ በሕይወት የቀረ ሰው ትርንጎ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ በሽልማት መጡባት። የወንድሟን የቤት ስም ብትነግራቸው የወርቅ ቀለበት እንደሚደረግላት ነገሯት። ቀጥለው አስፈራሯት። እሷ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፤ ወንድሜ የት እንዳለ ንገሩኝ፣ በዚያው ቀን እዘጋዋለሁ ትላለች። ይህን ስትል ሹሞቹ ጫማቸውን ያያሉ። የኮቴ አስተርጓሚውም ዛሬ የሚሰማ ነገር የለም ይላል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ኮምፒውተሩ በማጥፋት በማብራት ብዛት ጭራሽ ዛለ። ውሃው በሳምንት አንዴ እንኳ አልለቀቅ አለ። በቆሎው ጠወለገ፤ ላሞች ጡታቸው ደረቀ። ያኔ እኛ ጎረቤቶቿ ተሰብስበን ወደ ትርንጎ ቤት ሄድን። ከመካከላችን ዕድሜ የጠገቡት አፈ ጉባኤ ሆነው፣ የሞተን ሰው ለመጠበቅ ሲባል ያለው ሕዝብ አይለቅ፣ ልጄ አሏት። ትርንጎ እግራቸው ሥር እንደተቀመጠች ሁሉንም ሰምታ ጨረሰች።

«አባቴ፣ እኔ ውሃ ልከለክላችሁ አልፈልግም» አለች። «መዝጋት ማለት ግን አይመጣም ማለት ነው። ሞተ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ማን ነገረዎት? አይመጣም እንድል የሚያውቀው ሰው አይቶኝ ይንገረኝ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ፤ እኛም ተከትለን ወጣን።

ከዚያ ወዲያ ነው አቶ ወንድይራድ የመጡት። የእኔና የትርንጎ ግቢ የሚለየን አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እሷ ሳህን ባጠበችበት ውሃ ቃሪያዋን ታጠጣለች፣ እኔ ከወዲህ በኩል የተፈታ አጥር አስራለሁ። አቶ ወንድይራድ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። እኔን አይተውኛል፤ ዘወር በል ግን አላሉኝም። እንዲያውም ሰው እንዲኖር የፈለጉ ይመስለኛል።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ያን ቀን በር ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

እሷ ጣሳውን እንደያዘች ቆመች።

«አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡትና ሰው እስኪመጣ አንተ አነጋግረው አሉኝ። ትንሽ ይጠብቁ አልኩት። እሺ አለኝ። እህቴ እንዳታስብ፣ ሥራዬንም ከፍቼ ነው የመጣሁት፣ አይቆይም አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አይቆይም አልኩት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አልነበረም።»

«የት ነው ያለው?»

«ከጡብ ማቃጠያው ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር። በኋላ ነው ያወቅኩት። ካወቅኩ ጀምሮ ግን ሰውን ትንሽ ይጠብቁ ባልኩ ቁጥር እሱ ነው የሚመልስልኝ።»

ትርንጎ የቀረውን ውሃ ቃሪያው ሥር ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ጠብታ እስኪቀር ድረስ። ከዚያም፣ አቶ ወንድይራድ ይቀመጡ፣ ቆመው አይሂዱ አለቻቸው። ያን ጊዜ ነው እሳቸው ያለቀሱት፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

በማግስቱ አካፋ ይዘን ሄድን። ምን እንዳገኘን አልነግራችሁም። በወጉ ቀበርነው፤ ድንኳን ተጣለ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያቆየነውን ለቅሶ አለቀስነው። ትርንጎ ከል ለብሳ ሐዘኗን ስትጨርስ፣ አንድ ጠዋት ማንም ሳይጠራት በራሷ እግር ወደ አዳራሹ መጣች። በወንድሟ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አጭሩን እግር ታውቀዋለች፤ ሰውነቷን ዘንበል አድርጋ ነው የተቀመጠችበት። ስክሪኑ የልጅነት ስሙን ጠየቃት። ጻፈች። አዛዥ ጓንጉል አንገቱን አስግጎ ሊያነብ ሞከረ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ስሙ የእሷ እንደሆነ ቀረ።

ገጹ ተከፈተ። መንክር እንደተወው ነበር፤ የዚያ የድርቅ ዓመት የውሃ ተራ፣ ባልቴቲቱ፣ ከእሷ ቀጥሎ የጌታው አትክልት፣ ከዚያ በታች የሌሎቻችን። ትርንጎ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከኋላዋ ስለነበርኩ ስትስቅ ሰምቻለሁ፤ ትንሽ፣ በአፍንጫዋ፣ ድሮ በክርኗ ስትጎሽመው እንደምትስቀው። ከዚያ ዘጋችው።

ሰማያዊው መስመር ተነሳና ሳይቆም ጫፉ ደረሰ። አዛዡ ያዘጋጀውን ንግግር ከኪሱ እስኪያወጣ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ኮምፒውተሩ ማንኮራፋቱን አቆመ። እኔ የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ አዲሱ ሥርዓት ድምፅ የለውም። ውሃው በዚያው ቀን ተለቀቀ፤ ሰው ከነልብሱ ቦይ ውስጥ ገብቶ ጨፈረ። አዋጁ አልዋሸም፤ ሁሉም ፈጣን ሆነ። ጋብቻም እንዲሁ። ሙሽሮቹ ወንበር ሳያሞቁ ያልቅላቸዋል፤ ስማቸውን እንኳ ሳልይዝ ይሄዳሉ። የኮምፒውተሩ ጀርባ ቀዘቀዘ። በርጩማዎቹንም ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው ብለው ጓሮ ከመሩና ባለጎማ ወንበር አመጡልን። ለማገዶ ሊወስዷቸው ሲሉ ትርንጎ ያችን ባለ አጭር እግሯን በርጩማ አንስታ፣ ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ብዙም አልቆየ። አቶ ወንድይራድ በአዲሱ ሥርዓት እንደ እኛ ስክሪን ተሰጥቷቸው ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ትሑት ሰዎች በር ላይ ቆመው ለአንድ አፍታ እንደሚፈለጉ ነገሯቸው። አቶ ወንድይራድ ሰዎቹን አዩ፤ ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አዩን። ተነሱና ኮታቸውን አስተካክለው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው «መጣሁ» አሉን።

የጀመሩት ሻይ ገና ይጨሳል። ስክሪናቸው ጥቂት ጠበቃቸውና ብልጭ ብሎ ጠፋ። አበባ ታየበት። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ በወንበራቸው ተቀመጠ። በማግስቱ ሚስታቸው ወይዘሮ ፋናዬ መጥታ ባሌ የት ሄደ ብላ ብትጠይቅ፣ አዲሱ ጸሐፊ ፈልጎ ፈልጎ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም አላት። የዋሸ እንዳይመስላት ስክሪኑን አዙሮ አሳያት። እውነትም አልነበረም። ያልተዘጋ ሥራ የለ፣ የሚጠራ ስም የለ፣ አልችልም የሚል መስመር የለ። ያን ጊዜ ነው አዋጅ ነጋሪው የዘረዘረው፣ እኛ በእልልታ ያሳለፍነው፣ ሥራው በራሱ ጊዜ ይዘጋል የሚለው ነገር ትዝ ያለን። ጣሪያው ላይ ጌታው ወዲያና ወዲህ ይራመዳል፤ ኮቴው እንደዚያን ቀን ሰላማዊ ሆኖ አያውቅም።

ትርንጎ ወሬውን ስትሰማ በርጩማዋን ይዛ ወጣች። እኔም ተከተልኳት፤ ልሸከምልሽ ብላት አልሰጥህም አለችኝ። ወይዘሮ ፋናዬ በሯ ላይ ቁጢጥ ብላ አገኘናት። ትርንጎ ከጎኗ ተቀመጠች።

«መጣሁ ብሎ ነው የወጣው?» አለቻት።

ፋናዬ ወደ እኔ አየች። እኔም አዎን፣ ሁላችንም ሰምተናል አልኳት።

«እንግዲያው ይህችን ቤትሽ አስገቢያት» አለች ትርንጎ። «ከበሩ ፊት ለፊት አድርጊያት። አጭር እግር አላት፣ እንዳትጠግኛት። ማንም እንዳይቀመጥባት። ለምን ነው የሚልሽ ሰው ቢኖር የአቶ ወንድይራድ ናት፣ መጣሁ ብሏል በይው።»

ፋናዬ በርጩማዋን በሁለት እጇ ተቀብላ ገባች።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል ሰው ከአዳራሹ መጣሁ ብሎ እንደወጣ አልቆጠርኩም። ስክሪኖቹ አበባ በአበባ ሆነዋል። እኔም አርጅቼ ከሥራ ወጣሁ። አንዳንዴ በዚያ በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ አደምጣለሁ፤ ያ ማንኮራፋት የለም። ናፍቆኛል፤ ዝግተኛ ነበር፣ ሰነፍ ነበር፣ ውሃችንን አጓድሎብናል፣ ነገር ግን የጎደለ ሰው ስሙን ጠርቶ የሚጠይቅ ነበር። ጓሮ የተከመሩት በርጩማዎች ግን ማገዶ አልሆኑም። አንድ በአንድ እየተለቀሙ በየቤቱ ገቡ።

ወደዚያች አገር ከመጣችሁ ትለዩዋታላችሁ። ደጃችን ለእንግዳ ክፍት ነው፤ ያለንን እናቀርባለን፤ ደህና ወንበር ለእናንተ እንለቃለን። ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት ባዶ በርጩማ ታያላችሁ። ደክሟችሁ ልትቀመጡባት ጎንበስ ስትሉ የቤቱ ባለቤት፣ ትንሽ ልጅም ብትሆን፣ እጃችሁን ይዛ ወደ ሌላው ወንበር ትወስዳችኋለች። እዚያ ላይ አይቀመጡ፣ ሰው አለው ትላችኋለች።